የቁራ መልክተኛ

እኛ መንደር ስልክ ለማውራት መጀመሪያ አፋፍ መውጣት ያስፈልጋል። መንደሩ ደሃና ውስጥ፣ ከአምደ ወርቅ ወጣ ብሎ ነው። ኔትወርኩ የሚገኘው ከአንዲት ወይራ ሥር ነው። ከወይራዋ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ያለ ከአዲስ አበባ ጋር ይነጋገራል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ያለ ከፍየሎች ጋር። መስመሩ ስለሚቆራረጥም ሁሉም የሚያወራው እየጮኸ ነው። በዚህ የተነሳ በመንደሩ ምስጢር የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል፤ ማን ስንት ብር እንደተበደረ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ እረኛው ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ነሐሴ ለሻደይ ወደዚያ ስሄድ ዕቅዴ ከአዲስ አበባ፣ ከኮምፒውተርና ከአለቃዬ ለአራት ቀን መገላገል ነበር። የደረስኩት መሽቶ ነው። አጎቴ ኩራዝ ይዘው ደጅ ድረስ ወጡና ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ስናበቃ «መጣህ እንዴ፣ አንተ የቁራ መልክተኛ!» አሉኝ። ሳቅሁ። ሁለት ዓመት ከዘመድ የጠፋ ሰው የሚገባውን ስድብ ቆሞ መቀበል አለበት።

በማግስቱ ጠዋት ልጃገረዶቹ ሻደዩን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከደጃፍ ደጃፍ ሲዞሩ፣ እኔ «በሰላም ገብቻለሁ» ለማለት ወደ ወይራዋ ወጣሁ። ስልኬ ኔትወርክ ስታገኝ እንደ ተነካ ቀፎ ተንጫጫች። ዐሥራ አራት ያመለጠ ጥሪ፤ ሁሉም ከመሥሪያ ቤቴ። ደወልኩ።

«ኢሜይል አይሄድም!» አለች ጸሐፊዋ፣ እንዴት አደርክ እንኳ ሳትል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰላምታ የሚዘለለው ወይ እሳት ሲነሳ ነው፣ ወይ ኢሜይል ሲቆም።

«ተመልሶ የመጣ ነገር አለ?»

«አለ እንጂ! ብዙ ነው። የላክሁት ሁሉ ነው የሚመለሰው።»

«ምን ይላል?»

ትንሽ ዝም አለች። «ኧረ የሚነበብ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ ነው፤ ደግሞ ቁጥር ቁጥር ይላል። አጠፋሁት።»

ይህችን መልስ ያዙልኝ፤ የዛሬው ወጌ በሙሉ እሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ድርጅታችን ማር ነጋዴ ነው። ከዋግና ከላስታ ደጋ ማር እየሰበሰበ፣ እያጣራ፣ ውጭ አገር ላሉ ገዢዎች ይሸጣል። ባለቤቱ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ የአድራሻ ካርድ ሲለዋወጡ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ካርዳቸውን አገላብጦ አየና «ጂሜይል ነው እንዴ የምትጠቀሙት?» አላቸው። ጋሼ በዕድሜያቸው ድርቅም ጦርነትም አይተዋል፤ እንደዚያች ጥያቄ ያቆሰላቸው ግን የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይቀር ማስታወቂያው ግርጌ ላይ የጂሜይል አድራሻ እንደሚያወጣ ነግሬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። አልሆነም። በሳምንቱ «የራሳችን ሰርቨር ይኑረን» አሉ። ወጪውን ስነግራቸው «ስም በብር አይለካም» ብለው አፌን አስያዙኝ።

እነሆ ሰርቨሩ ዛሬ በማር ጀሪካኖቹና በቡናው ረከቦት መካከል ተቀምጦ ሌት ተቀን ያቃስታል። ጸሐፊያችን አቧራ እንዳይገባበት ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። የሙቀት መውጫውን የሚደፍነው ዳንቴሉ ነው ብዬ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። በየወሩ አነሳዋለሁ፤ በየወሩ ታጥቦና ተተኩሶ ይመለሳል። ከዚያ ቤት ወጥቶ ሳይጠፋ የሚመለስ ነገር ቢኖር እሱና ኢሜይሉ ናቸው።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተከፍቶ ኖሮ ቢሮው በሙሉ ምርመራ ላይ ነበር። የሂሳብ ሹሟ «ያልተከፈለ ቢል ይኖራል» አለች፤ እሷ ዘንድ የዓለም ችግር ሁሉ ያልተከፈለ ቢል ነው። የመጋዘን ኃላፊው «መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ነው» አለ፤ ለካስ እስኪያልበው አጥፍቶ አብርቶታል። ሾፌሩ «ቫይረስ ነው፣ የእኔንም ፍላሽ እንዲሁ ነው ያደረገው» አለ። ጋሼ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውየው ተቀይሞን ይሆን?» አሉ፤ ሰውየው ማለት የዋጋ ማቅረቢያውን የሚጠብቀው ገዢ ነው። አንድም ሰው «የተመለሰውን እስቲ እናንብበው» አላለም።

ይልቅስ ጸሐፊዋ ያንኑ ደብዳቤ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ልካዋለች። ሲመለስባት ርዕሱን «አስቸኳይ» አለችው። ደግሞ ሲመለስ «በጣም አስቸኳይ»። በመጨረሻ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሦስት ቃለ አጋኖ ደረደረችበት። አላስፈላጊ መልእክት የሚያጣራ ማሽን አጥብቆ የሚጠረጥረው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው፤ ተረጋግቶ የሚናገረውን ያሳልፋል፣ የሚጮኸውን ይይዛል። እኛ ኢሜይል ሳይሆን ኡኡታ ስንልክ ነበር።

«ማነው የመለሰው? የላኪውን ስም አንብቢልኝ» አልኳት።

«‹ሜይለር ዴሞን› ይላል።»

ከበስተኋላ የመጋዘን ኃላፊው ድምፅ ተሰማ፦ «ዴሞን? ጋኔን ማለት አይደል እንዴ?»

ቢሮው ጸጥ አለ። ሲያማትብ በስልክ የተሰማኝ መሰለኝ።

አልፈረድኩበትም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ ካህናቱ «ሽቦ ውስጥ ሰይጣን ይናገራል» ብለው እንደተቃወሙ ሲነገር ነው የኖረው። ንጉሠ ነገሥቱ ሽቦውንም ሽቦ ጠሉንም አቻችለው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ዘመናዊ ፖስታን አቋቁመው፣ አገሪቱ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ደረሱ። ዴሞን የሚለውን ስም ደግሞ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኤምአይቲ ፕሮግራመሮች ናቸው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ የፈጠረው፣ በር ላይ ቆሞ ፈጣኑን ቅንጣት ከዘገምተኛው የሚለይ ታታሪ መንፈስ ነበር፤ ስሙን ከዚያ ወስደው ከጀርባ ሆኖ ሳይጠሩት ለሚሠራ ፕሮግራም ሰጡት። በእኛ ቋንቋ ከጋኔን ይልቅ ለውቃቢ ይቀርባል። ውቃቢ እንኳ ጭዳ ይፈልጋል፤ ይህ የሚፈልገው መነበብ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል መስመሩ ተቋረጠ። ዞር ስል አጎቴ ፍየሎቻቸውን ከፊት አስቀድመው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከጎረቤታቸው ጋር በኽምጥኛ ሲስቁ ነበር፤ ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ከማን ጋር ነው በጠዋቱ የምትጣላው?»

«የላክነው ደብዳቤ እየተመለሰብን ነው።»

«ከተመለሰማ ምን ያናድድሃል? የሚያስፈራው ያልተመለሰው ነው።»

አጎቴ ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፤ ምሳሌ ሲያመጡ ከዘፍጥረት በቅርብ አይጀምሩም። ኖኅ፣ አሉ፣ መጀመሪያ የላከው ቁራን ነው። ቁራው ሬሳ አገኘና በዚያው ቀረ። ቀጥሎ ርግብን ላከ። እግሯን የምታሳርፍበት ደረቅ መሬት አጥታ ተመለሰች። ሰባት ቀን ቆይቶ እንደገና ላካት፤ የወይራ ቅጠል ይዛ መጣች። ከሰባት ቀን በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲልካት ሳትመለስ ቀረች፤ መሬቱም ደርቋል ማለት ሆነ።

«ልብ በል፤ ርግቧ ባዶዋን ስትመለስ ኖኅ ‹ርግቧ ተበላሽታለች› አላለም። መርከቡንም አጥፍቶ አላበራም። እግሯን አየ፤ ውሃው ገና እንደሆነ ገባው።»

አጥፍቶ ማብራት የሚለውን ከእኔ ጩኸት እንደሰሙት ግልጽ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ግን እውነታቸውን ነው። ተመልሶ የሚመጣ ኢሜይል ርግብ ነው፤ እግሩ ላይ ጭቃ ወይ ቅጠል ይዞ ይመጣል። እኛ ደግሞ በራፉ ላይ ጠብቀን አንገቱን እንጠመዝዘዋለን፤ ከዚያ «ምነው ወሬ ጠፋ?» እንላለን።

ይህን የኢሜይል ጥገና ሥራ ስሠራ ያየሁት የዚሁ ዓይነት ነው። መልሱ የሚመጣው በሦስት አሃዝ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 ባሳተመው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ ውስጥ ከሰፈሩ ወዲህ ትርጉማቸው አልተለወጠም፤ የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ ያወቀ ግማሹን መንገድ ሄዷል። በ2 የሚጀምር «ተቀብያለሁ» ነው። በ4 የሚጀምር «ነገ ና» ነው። በ5 የሚጀምር «ደጄን አትርገጥ» ነው። በቢሮ ጉዳይ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም፤ ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር ሲሰማው የኖረው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ሰርቨር ምክንያቱን ጽፎ መስጠቱ ነው።

«ደጄን አትርገጥ» ከሚባሉት ብዙዎቹ በአንድ ፊደል የመጡ ናቸው። «ጸጋዬ»ን በላቲን ስንጽፍ አንዱ በቲ ይጀምራል፣ ሌላው በኤስ። «ዮሐንስ» በዋይም በጄም ይጀምራል፤ ኤኑም እንደ ሰውየው ስሜት አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። እኛ «ያው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሰርቨር «ያው ነው» የሚባል ቋንቋ አያውቅም፤ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ ይመልሳል። አንድ የማውቀው ነጋዴ በአንድ ኤን የተነሳ ወዳጁን ለሁለት ወር አኩርፎ ከርሟል፤ «ንቆኝ ነው የማይመልስልኝ» እያለ። ያኮረፈው በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነበር።

ከዚያ ደግሞ የማኅተም ፍቅራችን አለ። ደብዳቤው በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ይታተማል፤ ይፈረማል፤ ቲተር ይመታበታል፤ ክቡ ማኅተም ይመታበታል፤ ወጪ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ቁልጭ ብሎ እንዲታይ በከፍተኛው ጥራት ስካን ይደረግና አምስት መስመር ደብዳቤ ሠላሳ ሜጋባይት ይሆናል። ብዙ ተቀባይ ሰርቨር ይህን ያህል አያስተናግድም፤ ያውም አባሪ ለጉዞ ሲታሸግ በሲሶ ያህል ይወፍራል። ይመለሳል፤ «ከመጠን በላይ ነው» ብሎ ምክንያቱን ጽፎ። ላኪው ግን «ድሮም ኢሜይል አይታመንም» ይላል። ቢደርስም ዕረፍት የለውም፤ ተቀባዩ ያትመዋል፣ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በማኅደር ያስቀምጠዋል፤ ላኪውም «ደረሰልዎ?» ብሎ ይደውላል። ኢሜይል እኛ ዘንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ የሚታተምበት ዘዴ ነው።

የእኛም ቤት አይታማም። አንድ የካቲት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሰርቨሩ ሰዓት ተዛባ። የመጋዘን ኃላፊው ደግነት ይዞት አስተካከለው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ዓመቱ በስምንት፣ ሰዓቱ በስድስት ወደ ኋላ ሸሸ። ሰርቨራችን የሌላውን ምስክር ወረቀት እንዲመረምር ታዝዞ ስለነበር፣ የዓለም ሰርቨሮች የሚያቀርቡለት ወረቀት ሁሉ ገና ወደፊት የሚጻፍ ሆኖ ታየው። «ይህ ሰነድ ገና አልተወለደም» እያለ ትልልቁን ሁሉ ከደጁ መለሰ። በዓለም ፊት እንደዚያ ቀን ኮርተን አናውቅም።

ከሁሉ የምወደው ግን «ነገ ና»ውን ነው። አንዳንድ ተቀባይ ሰርቨር የማያውቀው ላኪ ሲመጣበት ሆን ብሎ ይመልሰዋል። ደህናው ሰርቨር ታግሦ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደገና ያንኳኳል፤ ካልሆነም እስከ አምስት ቀን ድረስ እየተመላለሰ ይሞክራል። ማጭበርበሪያ የሚበትነው ግን ለመመለስ ትዕግሥት የለውም፤ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሮጣል። ይህን ለአጎቴ ሳስረዳ ዓይናቸው በራ።

«አሃ! ሽምግልና ነዋ!» አሉና ወይራዋ ሥር ተቀመጡ። «ባለፈው መስከረም እዚሁ አንድ ቤት ሽማግሌ መጣ። አባትየው መጀመሪያ የጠየቀው ‹የማን ሽማግሌ ናችሁ? ልጁ የማን ልጅ ነው?› ብሎ ነው። ሰባት ቤት አስቆጠራቸው። ከዚያ ‹ዘመድ ላማክር› ብሎ መለሳቸው። የምር የፈለገ ይመለሳል፤ ያልፈለገ በዚያው ይቀራል። በኅዳር ተመልሰው መጡ። ‹አንድ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ቀርቶብኛል፣ ልኬበታለሁ፣ መልሱን ልጠብቅ› አላቸው።»

«ዘመዱስ መለሰ?»

«እሱ ነው እኮ ያልመለሰው! በታኅሣሥ ሽማግሎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አባትየው አፍሮ ምን ይበል? ልጅቱ ትቁምለት? እሺ አለ። ጥር ላይ ተዳረች።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው!» አልኩኝ ከልቤ። «ዘመድ ሲልክበት ዝም ይባላል?»

አጎቴ ትኩር ብለው አዩኝ። «እኔም የምለው እሱን ነው» አሉና ፍየሎቻቸውን ነዱ።

እንደገና ደወልኩ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋን ከሰው ሁሉ ለይቼ፣ ዳንቴሉን አስነስቼ፣ ከተመለሱት ሳታጠፋው የቀረ አንዱን እንድታነብልኝ ለመንኳት። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ እሷ ፊደል በፊደል እየጠራች፣ እኔ እየደገምኩ፣ የመንደሩ እረኞችም እኔን እየደገሙ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል እንግሊዝኛ በደሃና ሸንተረር ላይ አስተጋባ። ሲገጣጠም ለሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚገባ ቃል ሆኖ ተገኘ፤ «ይህ ቁጥር በዚህ ድርጅት ስም እንዲልክ አልተፈቀደለትም» ነው የሚለው። ቁጥሩንም ከነነጥቡ ጽፎታል።

«ይህ ቁጥር የማን ነው?» አልኳት።

«ይሄማ የአዲሱ ኢንተርኔት መስመራችን ነው» አለ ከሩቅ የመጋዘን ኃላፊው። «ሰኞ ሲቀየርልን የሰጡን ቁጥር።»

«መስመር ቀይራችኋል? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ዕረፍትህን እንዳንረብሽህ ብለን» አለች ጸሐፊዋ፤ ዐሥራ አራት ጊዜ የደወለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሜይል ሲፈጠር ሰው ይተማመን ነበር። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የመጀመሪያውን ሲልክ፣ «ከእገሌ ነው የመጣሁት» ላለ ሁሉ በር ይከፈት ነበር፤ እንደ ድሮ መንገደኛ፣ «የእግዜር እንግዳ» ካለ ማዕድ እንደሚቀርብለት። በ1978 ጌሪ ተርክ የተባለ ኮምፒውተር ሻጭ ለአራት መቶ ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ማስታወቂያ በተነ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳው በዛ፣ ማዕዱ አነሰ፣ ሌባውም የሰው ስም ለበሰ። ስለዚህ ሦስት ጥበቃ ተበጀ። አንደኛው ኤስፒኤፍ ነው፤ ቤቱ «በስሜ የሚላኩት እነዚህ ቁጥሮች ብቻ ናቸው» ብሎ በአደባባይ የሚለጥፈው ዝርዝር። ሁለተኛው ዲኪም ነው፤ ሊቀዳ የማይችል ማኅተም፣ ስካን የማይፈልግ። ሦስተኛው ዲማርክ ነው፤ «በስሜ ሐሰተኛ ቢመጣባችሁ እንዲህ አድርጉት» የሚል አደራ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጎግልና ያሁ ያለነዚህ በብዛት የሚልክን አናስተናግድም ብለው አጥብቀዋል። እኛ ታዲያ ቤት ቀይረን፣ አደባባይ የለጠፍነው ዝርዝር ላይ ግን አሮጌው ቤታችን እንደተጻፈ ትተነዋል። ገዢው አልተቀየመም። ሽማግሎቻችን «የማን ናችሁ?» ሲባሉ የሌላ ሰው ስም እየጠሩ ነበር።

መድኃኒቱ አንዲት መስመር መለወጥ ነው። የምትለወጠው ዶሜይናችን የተመዘገበበት ቦታ ገብቶ ነው። መግቢያው ፓስወርድ ነው። ፓስወርዱ ያለው ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ከለቀቀ ልጅ ዘንድ ነው። በዚህ አገር የድርጅት ዶሜይን የሚመዘገበው በድርጅቱ ስም አይደለም፤ በዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ያውቅ በነበረው ልጅ ስም ነው። ልጁ ይሄዳል፤ የድርጅቱም ነፍስ በኪሱ ናት።

በቴሌግራም ተፈልጎ ተገኘ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ነው የጎዳን። «ማንም እየተነሳ ፓስወርድ አልሰጥም» አለ፤ «ከድርጅቱ ኢሜይል ጥያቄያችሁን ላኩልኝና አረጋግጬ እሰጣለሁ።» ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ጸሐፊዋ ላከች። ተመለሰ። በርዕሱ ላይ «አስቸኳይ» ብላ ደገመችው።

እዚህ ላይ ጋሼ ከማር ጀሪካኑ ላይ ተነሱ። የልጁን ፓስወርድ አያውቁም፤ አባቱን ግን ያውቃሉ። ሰቆጣ ነው ያሉት። ደወሉላቸው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ አበባና ንብ ተነጋገሩ፤ መጨረሻ ላይ ነገሩን በሁለት ቃል አነሱት። አባት ለልጅ ደወሉ። ልጅ «ጋሼ መሆናቸው ተረጋግጧል» ብሎ ፓስወርዱን ላከ። አውታሩ ሁሉ ያቃተውን ማንነት የማን ልጅነት ፈታው። እኔም ከወይራዋ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ቆሜ፣ በአንዲት የስልክ መስኮት፣ አሮጌውን ቁጥር አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ።

እንዲያም ሆኖ ወዲያው አይሠራም፤ አደባባይ የተለጠፈ ዝርዝር መታደሱን ዓለም እስኪሰማ ሰዓታት ይወስዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ መላክ ተመልሶ ነበር፤ ያን ጊዜ መጠበቅ ለምደናል፣ ለሳምንታት። አሁን ግን ጋሼ በየሩብ ሰዓቱ «ደረሰ?» ይላሉ። ወደ ማታ የገዢው ደብዳቤ ለዐሥራ ስምንተኛ ጊዜ፣ ያለ ቃለ አጋኖ፣ በተረጋጋ ድምፅ ሄደ። የመጣው መልስ በ2 የሚጀምር ነበር። ጸሐፊዋ ግን አላመነችም፤ ለገዢው ስልክ ደወለችለት። ደርሶታል። ከዚያም ለማኅደር ብላ አተመችው።

ድል አድርጌ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ወደ ቤት ወረድኩ። የአጎቴ ልጅ ቡና ታፈላለች። ማታ በኩራዝ ብርሃን አላስተዋልኳትም ነበር፤ አሁን ከረከቦቱ ለመነሳት መሬቱን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ ስትቃና ሳያት ደነገጥኩ። ከብዳለች። ስድስት ወር ይሆናታል። ይህች ልጅ መቼ...? መስከረም፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፤ ጥር ላይ ተዳረች።

ስልኬን አወጣሁ። ከዐሥራ አራቱ ያመለጡ ጥሪዎች ሥር፣ ከባንኩ ማስታወቂያና ከሎተሪው ብስራት ሥር፣ ሒሳብ የሌለው ሰው በነጻ የሚልካት «ደውልልኝ» የምትለዋ መልእክት ተቀምጣለች። አንድ አይደለችም። ከመስከረም እስከ ጥር ዐሥራ አንድ ናት፤ ሁሉም ከአንድ ቁጥር። እያንዳንዷን ባየሁ ቁጥር «ሲመቸኝ» ብዬ እንዳለፍኳት አሁን ትዝ አለኝ። ቁጥሩ የተመዘገበው «አጎቴ» በሚል ስም ነው።

አጎቴ ሲኒያቸውን ይዘው ስልኬን አሻግረው አዩ።

«ደርሶሃል ማለት ነው?»

«ደርሶኛል» አልኩ፤ ድምፄ ከወይራዋ ወደ ቀኝ የወጣ ያህል ጠፍቶ።

«ዐሥራ አንዱም?»

«ዐሥራ አንዱም።»

ቡናቸውን ፉት አሉና ወደ አፋፉ አሻግረው ተመለከቱ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ዓመቱን ሙሉ ወይራዋን ስወቅስ ነው የከረምኩት።»